የበቅሎዋ ፍርድ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፅጌረዳ እየሳቀች ሃምሳ ስድስተኛው ገጽ ላይ ደረሰች። መጽሐፉ አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ሳቅ። አንዲት በቅሎ «ጀርባዬ ላይ ተቀምጦ እኔኑ ያማኛል» ብላ ጌታዋን ትከሰዋለች። ምስክሯ አህያ ነው። አህያው ደግሞ የቀጠሮው ቀን የሰው ገብስ ውስጥ ሲግጥ ይያዛል።

የገጹ የመጨረሻ መስመር «ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦» ይላል።

ፅጌረዳ ገለጠች። ከዚያ ወዲያ ሽፋን ብቻ ነው።

ሳቋ ከአፏ ላይ ቀረ።

መጽሐፉ አንድ ነው። የንባብ ክበቡ አምስት ልጆች ሁለት ሁለት ቀን እየተቀባበሉ አነበቡት፤ ፅጌረዳ የመጨረሻዋ ናት። ነገ አርብ ተሰብስበው አስተያየታቸውን ይናገራሉ። የክበቡ ኃላፊ መምህር ወልደ ሩፋኤል ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ለልጆች እርሳስ በምላጭ ሲቀርጹ እንኳ ፍቅፋቂውን መሬት አይጥሉም። ይህንንም መጽሐፍ ጀርባውን በፕላስተር አጥብቀው ለጥፈው፣ «እንደተቀበላችሁት መልሱት» ብለው ነበር የሰጧቸው።

አባቷ ደምሌ ከስማዳ ወደ ንፋስ መውጫ ለትምህርት ሲያመጣት፣ እህቱን ጌጤን «ከትምህርት ቤት አንዲት የክስ ወረቀት ከመጣች በማግስቱ እወስዳታለሁ» ብሏታል። ደምሌ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። የፅጌረዳን ታላቅ እህት ከአምስተኛ ክፍል አውጥቶ ድሯታል።

ጌጤ ደግሞ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ትሸጣለች። የምትጠቀልልበት የአሮጌ ደብተር ክምር ከአልጋው ግርጌ ነው። መጽሐፉ ትናንት ያደረው እዚያው ክምር ላይ ነው።

ፅጌረዳ እየሮጠች መናኸሪያ ደረሰች።

«እትዬ፣ ከመጽሐፌ ቀደዱ እንዴ?»

«የቱን መጽሐፍ?»

«የበቅሎዋን። መጨረሻው የለም።»

«መጨረሻውን ከሆነ እኔ አይደለሁም። ፊደል ባልቆጥርም አቀዳደድ አውቃለሁ፤ ከፊት ነው የምጀምር» አለች ጌጤ። ከዚያ መዳፎቿን አየች። «ግን እጄንም አላምነው። ጠዋት ነፋሱ ሲያጣድፈኝ ያገኘሁትን ነው የጠቀለልሁ።»

የልጅቱ ፊት አመድ መሰለ። ጌጤ ይህን ስታይ ቆሎዋን ጥላ ተነሣችና የቆመውን ሚኒባስ በር ያዘች።

«ቆሎ የገዛችሁ ወረቀታችሁን አሳዩኝ።»

«በልተን ሳንጨርስ?» አለ ሹፌሩ።

«ብላ፤ አፍህን አልፈልገውም፣ ወረቀቱን ነው።»

ተሳፋሪው ወረቀቱን እያነሣ አሳየ። አንዱ የማባዛት ሰንጠረዥ ይዟል። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ቄስ ሽምብራቸውን ከሆድ ዕቃ ሥዕል ላይ ይለቅማሉ።

«ልጄ፣ ይህ የማን አንጀት ነው?» አሉ።

«የስምንተኛ ክፍል ነው አባ፣ ይብሉ» አለች ጌጤ።

የበቅሎዋ ነገር ግን የለም።

«የጠዋቱ የደብረ ታቦር አውቶብስስ?» አለች ፅጌረዳ።

ጌጤ ወደ መንገዱ አየች። «እሱማ ሄደ። ሙሉ ነበር። ያልገዛኝ ሰው የለም።»

አርብ ልጆቹ ሲሰበሰቡ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ካኪ ፖስታ ተቀምጧል። በዚያ ትምህርት ቤት ካኪ ፖስታ ለወላጅ ክስ ሲላክ ነው የሚታየው። ፅጌረዳ ዓይኗን ከፖስታው ሳትነቅል መጽሐፉን ዘረጋችላቸው። መምህሩ ተቀብለው፣ ሳይገልጡት ከፖስታው አጠገብ አስቀመጡት።

«እስቲ ምስጋናው፣ ጀምር።»

ምስጋናው የክበቡ አለቃ ነው፤ ደረቱን ነፋ። «እኔ በሳቅ ነው የሞትሁ ቲቸር። አህያው ገብስ ውስጥ ሲያዝማ እናቴ አመመህ እንዴ አለችኝ።»

«ፍርዱስ እንዴት ነበር?»

«ፍርዱ… ተገቢ ነው።»

የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ነጃት ቀጠለች። «ምስጋናውን ዝንብም ያስቀዋል። እኔ አህያው በዝቷል እላለሁ። በቅሎዋ ብቻዋን ትበቃ ነበር።»

«ፍርዱስ?»

«ፍርዱን ወድጄዋለሁ። አጭር ነው።»

ይሁኔ እንደ ምስጋናው ነኝ አለ። ውባለም እንደ ነጃት ነኝ አለች። መምህሩ ሁሉንም ስለ ፍርዱ ጠየቁ፤ በጠየቁ ቁጥር ጣታቸው ፖስታውን ይነካል።

ሁሉም አንብበውታል፣ አለች ፅጌረዳ በልቧ። እኔ እጅ ላይ ነው የጠፋው።

«ፅጌረዳ።»

ተነሣች። የእህቷ የሠርግ ቀን ፊት መጣባት። ሳታስበው ቃሉ ከአፏ ወጣ።

«ዳኛው… ጌታው ኮርቻ ጭኖ፣ በቅሎዋን አዝሎ ቅዳሜ ገበያ ያድርሳት ብለው ፈረዱ። ከዚያ መንገድ ሲጋመስ በቅሎዋ ይግባኝ አለች።»

«ምን ብላ?»

«አካሄዱ ይጎረብጠኛል፣ ሌላ ሰው ይቀየርልኝ ብላ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ውባለም ጠረጴዛ ላይ ተደፋች። መምህሩ ብቻ አልሳቁም።

«ምስጋናው፣ እንዲህ ነበር?»

«አዎ ቲቸር። እኔንም የገደለኝ እሱ ነው።»

«ነጃት?»

«ቃል በቃል።»

ይሁኔና ውባለም ራሳቸውን ነቀነቁ። ፅጌረዳ ዞራ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ፍርዱን የፈጠረችው እሷ ናት። መምህሩ ፖስታውን አነሡ።

ከፍተውም ከሃምሳ ሰባት እስከ ስልሳ አራት ያሉትን፣ ጠርዛቸው በምላጭ የተቆረጠ ገጾች አወጡና፣ «እንግዲህ ዳኛውም ያሉትን እንስማ» አሉ።