የካርኒቫሉ ዋዜማ ሙከራ

የካርኒቫሉ ዋዜማ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ባራንኪያ ከተማ። ቢሮው ውስጥ ሦስት ነን፦ የፎቶ አንሺዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ዶን ኤቫሪስቶ፣ ሰርቨሮቹን የምትጠብቀው ዩራኒስ እና እኔ። እኔ ሰልፉ ላይ ፎቶ አነሳለሁ።

ጨፋሪ ፎቶውን የሚገዛን ሰልፉ መንገድ ላይ እያለ ብቻ ነው። ቤቱ ገብቶ የፊቱን ቀለም ከታጠበ ዞር ብሎ አያየንም። ስለዚህ ሰርቨሩ የላክነውን ትልቅ ፎቶ አሳንሶ፣ የማኅበሩን ስም ጽፎበት፣ ቶሎ ድረ ገጹ ላይ ማውጣት አለበት። ዶን ኤቫሪስቶ ምስል በፍጥነት የሚሠራ የግራፊክስ ካርድ ያለው አዲስ ሰርቨር ለሙከራ አስመጥተዋል። ተራ ፕሮሰሰር ብቻ ያለውን አሮጌውን ዛሬ ሊሸጡት ነው፤ ገዢው በር ላይ ቆሟል። ዩራኒስ ግን አይሸጥ ትላለች።

«ትናንት አላየሽም? ሺህ ፎቶ በአራት ሰከንድ! አሮጌ ነገር ስለምትወጂ ነው።»

«አሮጌ ብወድ ኖሮ ድሮ እርስዎን አገባ ነበር፣ ዶን ኤቫ።»

ይስቃሉ። እኔ አቀርቅሬ እጠራቸዋለሁ።

«ዶን ኤቫሪስቶ…»

«ተናገር እንጂ! እንደ ሙሽራ ታቀረቅራለህ።»

«ትናንት የተሞከረው አንድ ፎቶ ነው። ያንኑ ሺህ ጊዜ። እኛ ነገ የምንልከው ሁሉም የተለያየ ነው።» ፍላሽ ዲስኬን ከኪሴ አወጣሁ። «የአምናው ሰልፍ እዚህ አለ። ሁለት ሺህ ፎቶ።»

ዩራኒስ ከእጄ ነጠቀችኝ። ሁለቱም ላይ ጭና እኩል አስጀመረቻቸው።

የአሮጌው ማራገቢያ ያጓራል። የአዲሱ ካርድ ማራገቢያ ግን ጭራሽ አይዞርም።

«ምን ነካው?» ይላሉ ዶን ኤቫሪስቶ።

«ሥራ ፈትቶ ነው» ትላለች ዩራኒስ። « ማሳነሱንማ በቅጽበት ይጨርሳል። ግን እያንዳንዱን ፎቶ ከፍቶ የሚያቀብለው ተራው ፕሮሰሰር ነው፤ የዚህኛው ደግሞ ደካማ ነው። ትናንት አንዱን ፎቶ አንዴ ብቻ ስለከፈተ አልታየንም።»

አሮጌው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጨረሰ። አዲሱ ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

ዶን ኤቫሪስቶ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን አራገቡ። «ልሸጠው ነበር እኮ! እናቴን፣ ልሸጠው ነበር!»

እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። 

ዶን ኤቫሪስቶ ገዢውን ይቅርታ ጠይቀው ሸኙት፤ አሮጌው ቀረልን። በማግሥቱ ሰልፉ ሳያልቅ፣ ባለ ረጅም አፍንጫ ጭንብል ያጠለቀ ጨፋሪ መንገድ መሀል ቆመ፤ ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገልጦ ስልኩ ላይ በድረ ገጻችን ራሱን አየ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ገዛው።