በቀኝ ዳር ያለው አምድ

ሃርጌሳ ፍርስራሿን እያነሳች በነበረበት ዘመን፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈሯ ውስጥ ውሃ በቦቴ የሚያከፋፍል ድርጅት ነበር። ሰው ይደውላል፣ ኡባህ ስልኩን ታነሳለች፣ ቦቴው ይሄዳል።

የስልክ መስመሩ መጨናነቁ ያስጨነቃቸው ሥራ አስኪያጁ ዋርሳሜ፣ ሔመን የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጡ። እሷም ሂስቶግራም የሚሉትን፣ ቁጥርን በአምድ የሚያሳይ ሥዕል ሠራችላቸው። የስልኩ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ጥሪ ርዝመት በጋራ ሜሞሪ ላይ ይጽፋል፤ የስክሪኑ ፕሮግራም ከዚያው እያነበበ አምዶቹን ወዲያው ያሳድጋል። አጫጭር ጥሪዎች በግራ ይቆማሉ፤ እየረዘመ የሚሄድ ጥሪ ደግሞ ወደ ቀኝ ይሻገራል።

ዋርሳሜ ስክሪኑን ወደዱት። ቢሮአቸውን ትተው፣ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ፊቱ ቆመው ይውሉ ጀመር።

ችግሩ የቀኙ አምድ ነበር። ማደጉን አላቆም አለ።

"የአያሃ ሰፈር ሰው ውሃ ጠምቶት ሲደውል መስመሩ ተይዟል" አሉ ዋርሳሜ፣ በስደት ዘመናቸው ጅግጅጋ በለመዱት አማርኛ። "ይኼን የሚያደርገውን አግኚልኝ። ወላሂ፣ አባርረዋለሁ!"

ሂስቶግራም ስንት እንደሆነ እንጂ ማን እንደሆነ አያውቅም። ሔመን ግን እዚያው ድርጅት የሚሠራውን ያገሯን ልጅ ታዴዎስን ጠረጠረች። የቦቴ ስምሪት ፕሮግራሙን ከዚያው ሜሞሪ ጋር ያገናኘው ሰሞኑን ነው።

"ታዴ፣ ሜሞሪዬ ላይ እየጻፍክ ነው?"

"ኧረ ሔሚ! የኔ ማንበብ ብቻ ነው።"

"ታዲያ አምዱ ባደገ ቁጥር ምን ያስቅሃል?"

"ያስቃላ" አለ፣ ወደ ስክሪኑ አየት አድርጎ።

አላመነችውም። የመጻፍ ፈቃዱን ዘጋችበት። ታዴዎስ አኮረፈ፤ ሻይ እንኳ ብቻውን ይጠጣ ጀመር። አምዱ ግን በማግስቱም አደገ።

ሔመን አፈረች። ቁጥሩ እውነት ነው ማለት ነው፤ የሆነ ሰው ደውሎ መስመሩን ይዞ ይቀመጣል።

"ኡባህ፣ አሁንም አለ?"

"አለ። ሃሎ ብል፣ ሃሎ ብል መልስ የለም።"

"እስቲ ለሁላችንም እንዲሰማ ስፒከሩ ላይ አድርጊው።"

ሔመን ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ "ማን ልበል?" ብላ ጮኸች።

"ማን ልበል?" አለ ስፒከሩ፣ በራሷ በሔመን ድምፅ።

ደዋዩ እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። ሁሉም ወደ ታዴዎስ ዞረ። ታዴዎስ ባዶ እጆቹን ወደ ላይ አነሳ።

"ዝም በሉ እንጂ!" አሉ ዋርሳሜ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። "የኔዋ ጥሪ ወደ ቀኝ ልትሻገር ነው።"