ከካርቶኑ ሥር

ፌርፋክስ ላይ ፍሬም ቤት ያለው ተክለብርሃን፣ ሠናይት ያመጣችለትን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የታተመ ጥቁርና ነጭ የባሕር ሥዕል ነው። ጀልባዋ ላይ መኳንንት ተኮፍሰው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ቀዛፊዎች ጎብጠው ይቀዝፋሉ።

«ጋሼ ተክሌ፣ ለዳይኒንግ ሩሜ ነው። ሶ እነዚህን ምስኪኖች ከቨር አድርጋቸው» አለችው።

እሱም ሥዕሉን ዙሪያውን በሚያቅፈው ነጭ ካርቶን ሸፈናቸው። ለእጁ አዲስ አልነበረም። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው፣ ሱቁ የተከፈተ ዕለት በተነሱት ፎቶ ላይም ፍስሐን የሸፈነው እንዲሁ ነው። ፍስሐ ሱቁን ቀለም የቀባለት ጓደኛው ነበር። ቀለም በነካው ቆቡ፣ ሱፍ ከለበሱት እንግዶች ጎን ቢቆም ተክለብርሃን አፈረበት። ፍስሐ ፎቶውን አየ፤ ዳግመኛም ሱቁን አልረገጠም። አምና አረፈ።

በማግስቱ ጠዋት ቀዛፊዎቹ ከካርቶኑ በላይ ወጥተው አገኛቸው። ተንሸራቶ ይሆናል ብሎ ካርቶኑን ከፍ አድርጎ አጣበቀው።

ከሰዓት በኋላ ሠናይት ልትወስደው መጣች።

«ከቨር አድርጋቸው አላልኩህም?» አለችና ጎንበስ ብላ አየች። «ደግሞ ይሄ ባለ ቆቡ ሀበሻ ነው እንዴ?»

ተክለብርሃን ቶሎ ማየት አልደፈረም። በዚያ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ውስጥ፣ ቆቡ ላይ ብቻ የሱቁ ግድግዳ አረንጓዴ ቀለም ተንጠባጥቧል። ፍስሐ መቅዘፊያውን እንደያዘ፣ አግዳሚው ላይ ለአንድ ሰው ቦታ ለቆ ጠጋ ብሏል።