የነገረ ፈጅ ውዱ ሰባት ቤት

ደጉ የልጁን ሰርግ ሊያፈርስ እንደቆረጠ አዲስ ቅዳም ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ካርዱ ተበትኗል፤ ጥር ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እሱ ግን የሙሽራው አባት ሆኖ ሳለ፣ ዘር ሳይቆጠር ልጄን አልድርም ብሎ ድርቅ አለ።

ቆጠራውን ለዚህ አገር ደንብ አድርጎ የተወው ነገረ ፈጅ ውዱ ነው። በነገሥታቱ ዘመን የሰው ሙግት ተቀብሎ በየችሎቱ ሲከራከር የኖረ፣ ኋላም ለአገሩ ደንብ ያወጣ ሰው ነበር። ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌ ፊት ከአባት ተጀምሮ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር፤ በዚያ ውስጥ የተገናኘ አይጋባ ብሏል። አሁን አሁን ቆጠራው ለወጉ ያህል ነው። ሰዉ በስልክ ተዋውቆ በስልክ ይጫጫል።

ሙሽሪት ሜላት የውዱ ስድስተኛ ትውልድ ናት። አባቷ አየነው በዚህ ዘር ሲኮራ ለጉድ ነው። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የውዱን ሙግት በሙሉ ሳይሰማ ዳንግላ አይደርስም።

የደጉ ወገን ግን የውዱ ስም ሲነሣ ፊቱ ይጠቁራል። ነገረ ፈጁ የእነሱን አያት ቅድመ አያት ረትቶ ከርስቱ ነቅሎታል። ደጉ ራሱ በወጣትነቱ የራሱ መሬት ስላልነበረው ለሜላት የእናት አባት ምርቱን እኩል እየተካፈለ ያርስ ነበር። አንድ መኸር እህሉን እንኳ ሳይሰበስብ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ጃዊ ወረደ። ዘንድሮ ነው ተመልሶ ከሰል መነገድ የጀመረው። «የአያቱን ቂም በልጆቹ ሊወጣ ነው» አለ አገሩ። እውነትም ክፉ ሰው ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በአየነው ግቢ ተሰበሰቡ። ደጉ ዘር ቆጣሪውን ሽማግሌ አዝመራውን ከአዘና ድረስ ራሱ አምጥቷቸዋል። ጠላ ቀረበለት፤ አልጠጣም። ምግብ ቀረበለት፤ በዚህ ቤት እህል አልቀምስም አለ። ሜላት እጅ ልታስታጥበው ስትመጣ ፊቱን አዞረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጆቹ ምን በደሉህ?» አለችው ሚስቱ ማናለብሽ።

«ይቆጠር ብቻ» አላት።

አየነው ጀመረ። «ሜላት የአየነው፣ አየነው የይሄይስ፣ ይሄይስ የአሳምነው፣ አሳምነው የፀጋው፣ ፀጋው የቸኮል፣ ቸኮል የነገረ ፈጅ ውዱ።» እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የቆጠረው።

አዝመራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ውዱ ያን ከርስቱ የነቀለውን ሰውዬ ከረታ በኋላ ታርቀዋል። ለእርቁ ሴት ልጁን እንቁን ለሰውዬው ልጅ ዳረለት። ደጉ ከእንቁ ይወለዳል። ልጁ እንዳልካቸውም ለውዱ ስድስተኛ ቤት ነው። ልጆቹ ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻው አይሆንም።»

ከጓዳ የሜላት ለቅሶ ተሰማ። ደጉ ትልቅ ሸክም እንዳወረደ ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ሙሽራው እንዳልካቸው አባቱን አየው። «አባ፣ ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለዚህ ነው ሽማግሌውን ያመጣሃቸው?»

«ለዚህ ነው።»

ማናለብሽ ከባሏ አጠገብ ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሁሉም ደጉን ጠልቶት ነበር።

አየነው ግን የልጁን ለቅሶ ሰምቶ ወደ ጓዳው በር ዞረ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ ቆመ።

«ሜላት ከአብራኬ የተከፈለች አይደለችም» አለ። «እናቷን ይታይሽን ሳገባት የሦስት ወር እርጉዝ ነበረች። እያወቅሁ ነው ያገባኋት። የማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እሷም ሳትነግረኝ ሞተች። ልጅቷን አሳድጌያታለሁ፣ ከነፍሴ በላይ እወዳታለሁ። የውዱ ደም ግን የለባትም። እንግዲህ ዳሩልኝ።»

ዕድሜውን ሙሉ በዘር ሲኮራ የኖረ ሰው፣ አገር በተሰበሰበበት ይህን ተናገረ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ማናለብሽ እያለቀሰች ትከሻውን ሳመችው። እንዳልካቸው ወደ ጓዳው ሮጠ፤ የሜላት ለቅሶ ቆመ። ከወዲያ አንዲት ሴት እልል ልትል አፏን ከፈተች።

አዝመራው እጃቸውን አነሡ።

«አየነው፣ ተባረክ። እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ደንቡ ከአባት ጀምሩ ነው የሚለው። የልጅቷን ወገን ከማን ጀምረን እንቁጠር?»

«እኔ አላውቀውም» አለ አየነው። «የሚያውቀው ሰው ካለ ይናገር።»

«ከእኔ ጀምሩ» አለ ደጉ።