የእድሩ ኮምፒውተር

የእድሩ ኮምፒውተር ከዊንዶውስ ሊኑክስ ወደሚባለው ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ይዛወር አይዛወር የሚለው ሐሳብ ጸሐፊውን ጋሽ አጥናፉን እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ሊኑክስ ነፃ ነው፣ ቫይረስም አይደፍረውም ይሏቸዋል። ግን አማርኛ እንቢ ቢልስ? እድርተኛ ሲያርፍ መርዶውን በእንግሊዝኛ ሊጽፉት ነው?

ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ኮምፒውተር ፊት ተሰየሙና «ሊኑክስ አማርኛን ይገድላል» የሚል ሁለት ገጽ ተቃውሞ አንድ ፊደል ሳይስቱ ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ለጉባኤው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ።

«እንግዲህ ድምፅ እንስጥ» አሉ ሊቀመንበሩ።

ኮምፒውተሩን የምትጠግነው ስመኝ እየፈራች እጇን አወጣች።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፋሲካ ላይ ዊንዶውሱ ሲበላሽ በሌላ ተክቼው፣ እንዳይደነግጡ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ ይሄንንም የጻፉት በሊኑክስ ነው።»