ለደቦው የተናጠ ቅቤ

ማዳም ጨርቁን ከሰፌዱ ላይ ስታነሳ አያ ሰጠኝ ሳቁን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። ዳቦው ተቆርጦ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቅቤ ተለቅልቋል። ያውም ከዳር እስከ ዳር፣ ሳይሰሰት።

ከወይራው ሥር የተቀመጡት አርባ አጫጆች እጃቸውን ታጥበዋል፤ አንዱም ግን ወደ ሰፌዱ አልዘረጋም። ከፊታቸው ግማሹ የታጨደ ስንዴ አለ፣ ከስንዴው በላይ ደግሞ የጠቆረ ደመና። በኅዳር ማብቂያ እንዲህ ያለ ደመና በረዶ ይዞ እንደሚመጣ የድብ ባሕር ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሰጠኝ ይህን መሬት ሃያ ዓመት አርሶታል። ጎንደር ቁስቋም የሚቀመጡት ባለመሬቱ ፊታውራሪ ለእንግሊዙ ለሦስት ዓመት እስኪያከራዩት ድረስ ማለት ነው። እንግሊዙ ጣሊያን ሲባረር ከጦሩ ጋር የመጣ ወታደር ነው፤ አገሩ ገብቶ ማዳም የሚሏትን ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን አስከትሎ ተመለሰ። ገበሬ እሆናለሁ ብሎ! በመጀመሪያው ዓመት ፈረስ ጠምዶ አረሰ፤ አገር ሳቀበት። የሚዘራው መጽሐፍ እየገለጠ ነው። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይላል ሰጠኝ ባየው ቁጥር። በሁለተኛው ዓመት ስንዴውን ዋግ መታው። ዘንድሮም ካልቀናው መሬቱ ለሰጠኝ እንዲመለስ ፊታውራሪ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥተዋል።

ዘንድሮ ግን ስንዴው አማረ። ሰጠኝን እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው።

ፈረንጁ አጫጅ በገንዘብ ፈልጎ ሲያጣ "ደቦ ጥራ" ብሎ የመከረው ዳኛው የሚባለው ጎረቤቱ ነው። ደቦ ከተጠራ ማን ይቀራል? የደቦው አለቃ ደግሞ ሰጠኝ ራሱ ነው። ከሰልፉ ቀኝ ጫፍ ቆሞ ዘፈኑን የሚያወጣው እሱ፣ ሰዉ የሚነሳውም የሚቀመጠውም እሱን እያየ ነው።

ትናንት በደጃፏ ሲያልፍ ማዳም ቅሉን ታቅፋ ስትንጥ አይቷታል። ላቧ ከአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። "ለደቦው ነው" አለችው በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። የገና ጾም ከገባ ዐሥር ቀኑ ነው! ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾም ታውቃለች፤ ደቦውን ማክሰኞ ያደረገችውም ለዚሁ ነው። ከዚያ ያለፈውን ማን ነግሯት። ሰጠኝ ሊነግራት ከአፉ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። "እግዜር ያበርታሽ" ብሏት መንገዱን ቀጠለ፤ ቤቱ እስኪደርስ ብቻውን ሳቀ።

"ምነው አትበሉም?" አለች ማዳም።

ባሏ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አንዴ ደመናውን፣ አንዴ ሰዉን ያያል። ሰጠኝ አልቸኮለም። የራበው ሰው የማይበላው ቅቤ ሲሸተው ምን ያህል እንደሚናደድ ያውቃል። ትንሽ ይቆይና "ተነሱ፣ ወደየቤታችን! ጾማችንን ሊያስፈታን ያሰበ ሰው፣ ስንዴውን በረዶ ይጨደው" ይላል። ይህን ተናግሮ ሲነሳ ራሱን ገና ካሁኑ አየው።

"ማዳም" አለ ዳኛው አንገቱን ደፍቶ፣ "ጾም ነው። ቅቤ አንበላም።"

"ዛሬ ማክሰኞ ነው።"

"የገና ጾም ነው። እስከ ገና ሁሉም ቀን ይጾማል።"

ፊቷ በርበሬ መሰለ። ባሏን አየችው፤ እሱም አያውቅም። ከዚያ ዓይኗ ሰጠኝ ላይ ሲያርፍ ፈካ አለች።

"የለም" አለች። "አያ ሰጠኝ ትናንት መጣ። ቅቤ ስንጥ አየ። 'ለደቦው ነው' አልኩት። 'እግዜር ያበርታሽ' አለኝ። ጾም ቢሆን እሱ ይነግረኝ ነበር። ትልቅ ሰው ነው።"

አርባው ሰው ወደ ሰጠኝ ዞረ።

ሰጠኝ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ የፈረንጅ ጓዳ ጠባቂ ነኝ እንዴ?" የሚሳቅለት መስሎት ነበር። ማንም አልሳቀም።

"አይተሃል ማለት ነው፣ አያ?" አለ ዳኛው።

"ባይስ? ይህን መሬት ማን አቀናው? እስቲ ንገሩኝ!"

"መሬቱን ተወው። አይተህ ዝም አልክ?"

ከኋላ አንዱ ምራቁን ጢቅ አደረገና "ሸጋ ሽማግሌ!" አለ።

ዳኛው ማጭዱን አንስቶ ቆመ። በዚያ አገር አለቃው ሳያዝ ከምሳ የሚነሳ ሰው ታይቶ አይታወቅም። "ማዳም፣ ዳቦውን ለልጆችሽ አንሺው" አለ። "ለእኛ ውሃ ይበቃናል። በረዶው ሳይቀድመን እንጨርስ።" ሌሎቹም አንድ ሁለት እያሉ ተነሱ። ፈረንጁም ባርኔጣውን ደፍቶ ከኋላቸው ሮጠ።

ዳኛው ከሰልፉ ቀኝ ጫፍ ቆሞ ዘፈኑን አወጣ። ድምፁ ሰላላ ነው፤ ግጥምም ያበላሻል። ሌላ ቀን ቢሆን ሰጠኝ ይሳለቅበት ነበር። ሰዉ ግን የራበው ሳይመስል ተቀበለው።

ሰጠኝ ማጭዱን ይዞ ወደ ሰልፉ ሄደ። ቦታው ተይዟል። መሀል ሊገባ ፈለገ፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋል፣ ጠጋ የሚልለት ጠፋ። የሰደበው የለም፣ ሂድ ያለውም የለም። እያጨዱ ከእሱ እየራቁ ሄዱ።

ማዳም እንስራ አዝላ ለእያንዳንዱ አጫጅ ውሃ እያደለች ሰልፉን ጨረሰች። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳ፣ በታጨደው መሬት ላይ ብቻውን ወደ ቆመው ሰውዬ መጣች። ጣሳውን ሞልታ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ሰጠኝ ፊቷ ላይ ንቀት ፈለገ። ቢያገኝ እፎይ ባለ ነበር።