ለአንዲት ክፍል የሚሆን ቅዝቃዜ

ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው የዘለቀ ሰው ጊዜዬ ባከነ አይልም። በትንሽ ሶላር ቤቱን ማቀዝቀዝ ያሰበ ካለ ደግሞ፣ የትኛው ዕቃ እንደሚያዋጣ እግረ መንገዱን ይማራል።

ሶላር ገጣሚው ሙያውን ማንም አላስተማረውም። የተበላሸ ዕቃ እየፈታ፣ ስልኩ ላይ እያየ ራሱን ያስተማረ ነው። ማስረዳት ከጀመረ ስለማያቆም ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ሱቁ መጡ። ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል።

«የክፍል ማቀዝቀዣ ፈልጌ ነው፤ ዛሬውኑ የሚገጠም።»

«ለማን ነው፣ አባቴ?»

«ለባለቤቴ።»

ባለቤታቸው ልባቸውን ታመው ከተኙ ወራት እንዳለፉ፣ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት እንደመለሷቸው ሬዲዮ ያውቃል። የከተማው መብራት ከጠፋ ሳምንቱ ነው። ሙቀቱ ደግሞ አስፋልት ያቀልጣል።

«ልጃችን መንገድ ላይ ናት» አሉ ሽማግሌው። «ድንበር ላይ መኪናው ባይበላሽባቸው ዛሬ ትገባ ነበር። አሁን ነገ ማታ ነው የምትደርሰው። እስከዚያ ክፍሉ መቀዝቀዝ አለበት።»

«ታዲያ ይኼ ምን ያስጨንቃል!» ሬዲዮ ከመደርደሪያው ትንሽ ፋን አወረደ። «ይቺን ይውሰዱ። የእርስዎ ሶላር ሁለት ፓኔልና አንድ ባትሪ አይደል? ይቺ የምትበላው አምፖል የሚበላውን ያህል ነው። እስኪነጋ ስትዞር ታድራለች።»

«አየሩን ታቀዘቅዘዋለች?»

ሬዲዮ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣለት ደስ ይለዋል። «አየሩንማ አታቀዘቅዝም። ፋን ላብ ነው የሚያደርቀው። ላብ ሲደርቅ ሰውነት ቀዝቀዝ ይላል። ለዚህ ነው ባዶ ክፍል ውስጥ ፋን ማብራት ባትሪ መጨረስ ነው የምለው፤ ስንቱን መክሬ ሰለቸኝ!»

«ፋን አይሆንም።»

«እሺ፣ በውሃ የሚሠራውስ? በረጠበ ጨርቅ ውስጥ ነፋስ ያሳልፋል። እሱም ብዙ አይበላም። መስኮት መክፈት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ አለዚያ ክፍሉ ወበቅ ይሆናል።»

«መስኮት አይከፈትም። ወበቅም አልፈልግም። ኤሲ ስጠኝ።»

ሬዲዮ ሳቀ። «አባቴ፣ ኤሲ ማለት እኮ በሬ ነው። የእርስዎ ባትሪ ደግሞ አንድ እቅፍ ድርቆሽ። ቀን ፀሐይ ካለች ፓኔሎቹ ትንሿን ኤሲ እንደምንም ይችሏታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ባትሪው ሁለት ሰዓት ቢይዝ ነው።»

«ከዚያ እስኪነጋ?»

«ከዚያማ ፋን ነው።»

ሽማግሌው ኤሲዋን በአንድ በኩል ብድግ አደረጓት።

ቤቱ በር ላይ ጎረቤታቸው ሾርባ ይዛ ቆማለች።

«እስኪ አንዴ ልያት፤ ከትናንት ጀምሮ እኮ ከለከሉኝ!»

«ተኝታለች። ነገ» ብለው አልፈዋት ገቡ።

ሴትዮዋ ወደ ሬዲዮ ዞረች። «አየህልኝ እኚህን ሰውዬ? በቁሟ ሊቀብሯት ነው።»

ሬዲዮም የሴትዮዋ ነገር ልቡ ገባ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ መስኮቱ ተዘግቶ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። የሽቶው ብዛት አፍንጫ ይሰነጥቃል። አልጋው በአጎበር ተከልሏል፤ የታመሙት ሴትዮ በዚያ ሙቀት አንሶላ እስከ አገጫቸው ተስቦባቸዋል። ይህ ሽማግሌ ማስታመም ሰልችቶት ይሆን? ብሎ አሰበ፤ ግን አፉን ለሽቦ ነገር እንጂ ለዚህ አልከፈተም።

እሱ ኤሲዋን ሲሰቅል ሽማግሌው የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፉ፤ ከቆርቆሮው ሥር የፍራሽ ስፖንጅ በሚስማር መቱ።

«እሱስ ጥሩ አስበዋል» አለ ሬዲዮ። «ግማሹ ሙቀት እኮ በጣሪያ ነው የሚገባው።»

ስልክ ጮኸ። የልጅቷ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«አባዬ፣ አዲስ መኪና አገኘን፤ ድንበሩን አልፈናል። አደራችሁን ጠብቁኝ!»

«እንጠብቅሻለን፣ ልጄ።»

«እስኪ አገናኘኝ፤ ድምጿን ብቻ ልስማ።»

«መናገር አትችልም» አሉና ዘጉት።

ኤሲዋ ተነሳች። ቅዝቃዜው አልጋው ጋ ሳይደርስ ሰማዩ በአቧራ ጠቆረ። ባትሪው ገና ስላልሞላ ብቻውን አልቻላትም፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ሲጥ አለና ኤሲዋ ቆመች።

«ይኸው!» አለ ሬዲዮ። «እውነቱን ልንገርዎት፤ ነገ ማታ አያደርስዎትም። ዛሬ ማታንም አያደርስዎትም።»

ሽማግሌው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ሌላ ባትሪ ፈልግልኝ። በእናትህ።»

«ከተማው ውስጥ አንድም አልተረፈም፤ መብራት የጠፋ ቀን ነው ያለቀው።»

«በረዶስ?»

«መብራት ሳይኖር በረዶ ከየት ይመጣል?»

ሽማግሌው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሬዲዮ ግን ከዚህ በላይ መቻል አቃተው። ከቦርሳው ፋኗን አውጥቶ ከባትሪው ጋር አገናኛትና ፊቷን ወደ አልጋው አዞረ። አጎበሩ ተነፍቶ ይርገበገብ ጀመር።

«በግትርነትዎ ሰው ሊገድሉ ነው! እስኪ ራሳቸውን እንጠይቃቸው» አለ፤ አጎበሩንም ገለጠ። «እማማ፣ ነፋሷ ተስማማችዎት?»

ሽማግሌው ተስፈንጥረው ተነሱና እጁን ያዙት።

«ድምፅህን ቀንስ፣ ልጄ፤ ትናንት ጠዋት ሞታለች፤ ጎረቤት ከሰማ፣ ልጇ ፊቷን ሳታይ አፈር ያለብሷታል።»